«አይ ሰፖዝ ሶ» ያለኝ ሰው ተስማማ ወይስ አልተስማማም?

ሰኞ አልወድም (ክሩን የከፈተችው)

ሰላም ለሁላችሁ። የሥራ ቋንቋዬ እንግሊዝኛ ነው፤ ስብሰባውም ደብዳቤውም። ሰዋስው ብዙም አያስቸግረኝም። የሚያስቸግረኝ ሰዎች በከፊል ሲስማሙ የሚናገሩት ነገር ነው።

ሰሞኑን ስብሰባ ላይ «ሪፖርቱን በየሳምንቱ ከምንልክ በየወሩ ብናደርገው አይሻልም?» ብዬ ሐሳብ አቀረብኩ። አንዱ ትንሽ ዝም አለና «ዌል... አይ ሰፖዝ ሶ» አለ። ሌላዋ ቀበል አድርጋ «ፌር ኢናፍ» አለች። አለቃችን ደግሞ «አይ ዶንት ዲስአግሪ» ብሎ ወደሚቀጥለው አጀንዳ አለፈ። መዝገበ ቃላት ካየን ሦስቱም እሺ ብለውኛል። ለእኔ ግን ከሦስቱ አንዳቸውም እሺ ያሉኝ አልመሰለኝም።

እንዴት ነው የምትለዩት? ደግሞ እኔ ራሴ ግማሹን ተቀብዬ ግማሹን ማስቀረት ስፈልግ «አይ ፓርሻሊ አግሪ» ከማለት ሌላ ምን ልበል? እሱን ስናገር የፈተና ወረቀት የማነብ ይመስለኛል።

የቀለም ቀንድ

ጆሮሽ ደህና ነው። ሦስቱም ሙሉ እሺታ አይደሉም፤ እርስ በርሳቸው ግን አይመሳሰሉም።

«አይ ሰፖዝ ሶ» ያው «ይሁና» ማለት ነው። ሰውየው የሚቃወምበት ምክንያት አላገኘም፣ ልቡ ግን አልገባም። ሥራው ሲጀመር አይከለክልሽም፤ አብሮሽ ይሮጣል ብለሽ ግን አትጠብቂ።

«ፌር ኢናፍ» ትንሽ ይሻላል። ያቀረብሽው ምክንያት ያስኬዳል ማለቷ ነው። ልብ በይ፣ የተቀበለችው ምክንያቱን ነው፤ መደምደሚያውን ለመቀበሏ ገና ማስረጃ የለሽም። ክርክሩ ሲሰለቻቸውም ለመዝጊያ ይጠቀሙበታል።

ተንኮለኛው የአለቃሽ ነው። «አልቃወምም» አለ እንጂ «እስማማለሁ» አላለም። በሁለቱ መሀል ያለውን ክፍት ቦታ ለራሱ አስቀርቶታል። ነገሩ ከሠመረ አብሮሽ ነበረ፤ ከተበላሸ «እኔ መች ተስማማሁ?» ይልሻል።

ቀጥተኛው

ታዲያ አዎ ወይም አይ ቢሉ ምን ይነካቸዋል? ሰው ማድከም ካልሆነ በቀር።

ወረቀት አገላባጭ

@ቀጥተኛው ሰው ፊት «አይ» ማለት የማይከብደው ሕዝብ ያለ አይመስለኝም። በእንግሊዝኛ ግን ነገሩ በደንብ ተጠንቷል። እ.ኤ.አ. በ1984 አኒታ ፖመራንትዝ የተባለች ተመራማሪ በቴፕ የተቀዱ ተራ ጨዋታዎችን መርምራ ያሳተመችው ጽሑፍ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። ስምምነት ቶሎ ይመጣል፤ አንዳንዴ ተናጋሪው ሳይጨርስ። አለመስማማት ግን ይዘገያል፦ መጀመሪያ ዝምታ፣ ቀጥሎ «ዌል»፣ ቀጥሎ አንድ የስምምነት ቃል፣ ከዚያ በኋላ ነው ዋናው ሐሳብ ብቅ የሚለው።

ለጠያቂዋ ይበልጥ የሚጠቅማት ሁለተኛው ግኝቷ ነው። አንድ ሰው አስተያየት ሲሰጥ፣ መላሹ ከፍ ሊያደርገው፣ እኩል ሊመልሰው ወይም ዝቅ ሊያደርገው ይችላል። አንቺ «ዛት ወዝ ኤ ግሬት ፕረዘንቴሽን» ብትዪና «ኢት ወዝ ብሪልያንት» ቢሉሽ ከልባቸው ነው። «ዬስ፣ ኢት ወዝ» ካሉሽ ገና አልታወቀም፤ ሁለቱም መንገድ ክፍት ነው። «ዬስ፣ ኢት ወዝ ጉድ» ካሉሽ ግን «ግሬት» ያልሽውን ወደ «ጉድ» አወረዱት። አዎ ተብለሻል፣ ግን ተቀንሶልሻል። «ባት» የምትለዋ ቃል መንገድ ላይ ነች።

ስለዚህ መልሱን በመዝገበ ቃላት አትመዝኚው፤ አንቺ ካልሽው ጋር አስተያዪው። ከሰጠሽው ያነሰ ከተመለሰልሽ ስምምነቱ ጎዶሎ ነው። ያንቺ ሰውዬ ከ«አይ ሰፖዝ ሶ» በፊት ዝም ማለቱና «ዌል» ማለቱ ከቃሉ በላይ ይናገራል።

ሰኞ አልወድም

ይሄ ጥሩ ነው። ግን ዝምታው ስንት ያህል ሲሆን ነው ዝምታ የሚባለው? ሰው ሲያስብም ዝም ይላል።

ወረቀት አገላባጭ

ከምትገምቺው ያነሰ። አሥር ቋንቋዎችን ያነጻጸረ የ2009 ጥናት አለ፤ ጥያቄ ተጠይቆ መልሱ እስኪጀመር ያለው የተለመደ ክፍተት 0.2 ሰከንድ አካባቢ ነው። በቋንቋዎቹ መካከል ያለው ልዩነትም ትንሽ ነው። ስለዚህ አንድ ሰከንድ ሙሉ ዝም ያለ ሰው በንግግር ሚዛን ብዙ ቆይቷል።

በቪዲዮ ስብሰባ ግን ይሄን መለኪያ ተዪው። ኔትወርኩ ሲጎተት ሁሉም ሰው የተቃወመሽ ነው የሚመስለው።

ጆሮ ጠቢ

ቃሉንም ዝምታውንም አነሳችሁ፤ ዜማውን ረሳችሁት። በእንግሊዝኛ አንድ ቃል ወርዶ መልሶ ሲነሳ «ያልተናገርኩት ነገር አለ» ይላል። «ዬስ» ቁልቁል ወርዶ ከቆመ አለቀ፣ ተስማምቷል። ወርዶ ጫፉ ላይ ከተነሳ «አዎ፣ ግን...» ነው፤ «ግን»ን በአፉ ላይጨምር ይችላል።

ቤታችሁ ሆናችሁ ሞክሩት። «አይ ላይክድ ዘ ቢጊኒንግ» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር በቀጥታ ዝቅ አድርጋችሁ ጨርሷት፤ መጀመሪያውን ወደድኩት፣ በቃ። አሁን «ቢጊኒንግ» ላይ ድምፃችሁን አውርዱና መልሳችሁ አንሱት። መጨረሻው እንዳላማራችሁ ማንም ይረዳል። ስለ መጨረሻው ግን አንዲት ቃል አልተነፈሳችሁም።

ሌላዋ ደግሞ «ዱ» ነች። «አይ አግሪ» ተራ ስምምነት ነው። «አይ ዱ አግሪ» ብሎ «ዱ»ን ከተጫናት ግን፣ አሥር ጊዜ ዘጠኙ «ባት» ይከተላል። እኛ ለማጠናከር ብለን የምንጨምራት ቃል እነሱ ጋ ለመቀነስ መንደርደሪያ ትሆናለች።

እንግዳ 27

«አሥር ጊዜ ዘጠኙ» የሚለው ከየት ጥናት ነው? 😄

ጆሮ ጠቢ

ከጆሮዬ። ይቀነስ ከተባለ ስምንት አድርገው።

የቀለም ቀንድ

«ኳይት»ንም ጨምሩበት። የእንግሊዝ ሰው ሥራሽን «ኳይት ጉድ» ካለ «ደህና ነው፣ አይከፋም» ማለቱ ሊሆን ይችላል። አሜሪካዊው ያንኑ ሲል አብዛኛውን ጊዜ ማሞገሱ ነው። ይባስ ብሎ ያው እንግሊዛዊ «ኳይት ኢምፖሲብል» ሲል «ትንሽ የማይቻል» ማለቱ አይደለም፤ ፈጽሞ አይቻልም ነው። ልኬት ያለው ቅጽል ላይ ይቀንሳል፣ ልኬት የሌለው ላይ ይሞላል። ብቻዋን «ኳይት» ብሎ ከመለሰልሽ ደግሞ «ልክ ብለሻል» ማለት ነው፤ ሙሉ ስምምነት።

«አይ ጌስ ሶ»ም ያው ከ«አይ ሰፖዝ ሶ» ጋር ወንድማማች ነው፤ አሜሪካኖቹ ያዘወትሩታል።

ወፍራም ብዕር

እንግሊዞች በዚህ ጠባያቸው ራሳቸው ይስቁበታል። ኤቭሊን ዋው በ1938 ባሳተመው «ስኩፕ» በተባለ ልቦለድ ውስጥ ሎርድ ኮፐር የሚባል የጋዜጣ ባለቤት አለ። የበታቹ የሆነው አዘጋጅ አለቃውን መቃወም አይችልም። ስለዚህ ሎርዱ ልክ ሲናገር «ዴፊኒትሊ፣ ሎርድ ኮፐር» ይላል፤ ሲሳሳት «አፕ ቱ ኤ ፖይንት፣ ሎርድ ኮፐር» ይላል። ትርጉሙ «እስከ ተወሰነ ደረጃ» ቢሆንም ሥራው «አይደለም ጌታዬ» ነው። ዛሬም ሰው «አፕ ቱ ኤ ፖይንት» ሲል ከጀርባው ያ ቀልድ የሚታያቸው አሉ።

ከዚያ የቀደመችውም አትረሳ። ጆርጅ ዱ ሞሪየ በ1895 «ፓንች» መጽሔት ላይ የሣላት ካርቱን ነች። አንድ ተራ ቄስ ጳጳሱ ጋ ተጋብዞ ይቀመጣል። ጳጳሱ «የተበላሸ እንቁላል የደረሰህ ይመስለኛል» ይሉታል። ምስኪኑ «ኧረ በጭራሽ ጌታዬ! ከፊል ከፊሉ ግሩም ነው!» ብሎ ይመልሳል። የተበላሸ እንቁላል ደግሞ ከፊሉ ደህና አይሆንም። እስከ ዛሬ ጥሩም መጥፎም የተቀላቀለበትን ነገር በእንግሊዝኛ «የቄሱ እንቁላል» ይሉታል።

ይሄን ካልኩ በኋላ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። በየቦታው የሚዞር «እንግሊዝ እንዲህ ሲል እንዲህ ማለቱ ነው» የሚል ሰንጠረዥ አለ፤ «አይ ሂር ዋት ዩ ሴይ» ማለት «አልስማማም፣ ከዚህ በኋላ አታንሣብኝ» ነው ይላል። ሰንጠረዡ ቀልድ ነው። እሱን ሸምድዶ ስብሰባ የሚገባ ሰው የማንንም ቃል ማመን ያቅተዋል። ሁለት ጓደኛሞች ሲያወሩ «ፌር ኢናፍ» ማለት በቃ «እሺ፣ ገባኝ» ነው። እዚህ ክር ላይ አለቃዋ «አይ ዶንት ዲስአግሪ» ስላለ ብቻ ሤረኛ ልናደርገው አይገባም። ሰውየው ተቸኩሎ ሊሆን ይችላል።

የቀለም ቀንድ

@ወፍራም ብዕር እሱስ ልክ ነህ፣ ሁሉም ሤረኛ አይደለም። ሆኖም አለቃ ሲሆንና ውሳኔ ሲጠበቅበት፣ ቃሉ ለምን ሁለት አሉታ ተሸከመ ብሎ መጠየቅ ጥርጣሬ አይባልም። የተቸኮለ ሰው «ዬስ» ይላል፤ ከሁሉም የምታጥረው እሷ ነች።

ቀጥተኛው

@የቀለም ቀንድ አሁን አንተ ራስህ «እሱስ ልክ ነህ፣ ሆኖም» አልክ። በእንግሊዝኛ ብንቀዳህ አይ ዶንት ዲስአግሪ ነህ 😂

ጋሼ ጠመኔ

ልጆች፣ ጨዋታችሁ ደስ ይላል። ብዙ ዓመት ያስተማርኩት ይህንኑ ቋንቋ ስለሆነ ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ልግባ፤ እስካሁን ማንም አልነካላትም።

«አይ ፓርሻሊ አግሪ» ስሕተት የለበትም። የፈተና ሽታ ያለው ከፈተና ስለተማርነው ነው። አይኤልትስ በሚባለው የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና ሁለተኛው የጽሑፍ ጥያቄ ብዙ ጊዜ «ቱ ዋት ኤክስቴንት ዱ ዩ አግሪ ኦር ዲስአግሪ?» ብሎ ያበቃል። በ40 ደቂቃ ቢያንስ 250 ቃል መጻፍ አለ። ተማሪው «ቱ ሰም ኤክስቴንት» እና «ፓርሻሊ»ን ሸምድዶ ይገባል፤ ከፈተናው በኋላም ከአፉ አይወጡም። በወረቀት ላይ ያስኬዳሉ። በአፍ ሲነገሩ ግን ሰሚው የትኛው ክፍል እንደተወደደና የትኛው እንደተጣለ አያውቅም። ስንት በመቶ እንደተስማማሽ ተነገረው፣ በምኑ እንደሆነ ግን አልተነገረውም።

በንግግር የሚሠራው የተቀበልሽውን ክፍል በስሙ መጥራት ነው። «አይም ዊዝ ዩ ኦን ዘ ዴድላይን። አይም ሌስ ሹር አባውት ዘ ባጀት።» አየሽ፣ «ዲስአግሪ» የሚባል ቃል የለም፣ «ባት» እንኳ የለም፣ ሆኖም የቱ ጋ እንደቆምሽ ግልጽ ነው። «አይም ሌስ ሹር» ለሰሚው በር ይከፍታል፤ ሊያስረዳሽ ይሞክራል እንጂ አይቆጣም።

«ባት»ን ማለዘብ ከፈለግሽ መጨረሻ ላይ «ዞ» (though) አድርጊ፤ «ኢትስ ኤ ጉድ አይዲያ። ኢት ማይት ቴክ ሎንገር፣ ዞ።» በትምህርት ቤት «ዞ» የዓረፍተ ነገር መጀመሪያ ላይ ብቻ የምትቀመጥ ይመስለን ነበር፤ በንግግር ውስጥ መጨረሻ ላይ ነው የምትበዛው። ቅራኔውን አስቀድሞ አያስደነግጥም፣ ካለፈ በኋላ ጠቆም አድርጎ ይሄዳል።

ሦስት ነገር ደግሞ ተጠንቀቂ። «አይ አም አግሪ» አይባልም፤ «አግሪ» ራሱ ግሥ ነው። ሁለተኛ፣ «አይ ኩድንት አግሪ ሞር» የሚል ሰው አልተቃወመሽም፤ ከዚህ በላይ መስማማት አልችልም እያለሽ ነው። ኔትወርኩ «ሞር»ን ከዋጣት ግን ተቃራኒውን ትሰሚያለሽ፣ ስለዚህ አስደግሚ። ሦስተኛዋ የብዙዎቻችን ችግር ናት፤ «ዩ ዶንት አግሪ?» ተብለሽ ብትጠየቂና ባትስማሚ፣ አፍሽ «ዬስ» ይላል፤ «አዎ፣ አልስማማም» ለማለት። እንግሊዝኛው ግን «ኖ»ን ነው የሚጠብቀው፤ «ኖ፣ አይ ዶንት»። «ዬስ» ካልሽ ጠያቂው ግራ ይጋባል፣ ወይም እንደተስማማሽ ይቆጥራል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ በዚህ ዓይነት ጥያቄ ላይ «ዬስ» ወይም «ኖ» ብቻዋን አትመልሺ፣ «አይ ዱ» ወይም «አይ ዶንት» ጨምሪባት።

ሰኞ አልወድም

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የመጨረሻዋ በቀጥታ እኔን ነው የምትመለከተው። እስቲ ይሄን ይዩልኝ፤ ለባልደረባዬ ልልክ ያሰብኩት ነው። ሐሳቡ፦ አዲሱን ቅጽ መጠቀሙ ጥሩ ነው፣ አሮጌውን ወዲያው መሰረዙ ግን ያሠጋኛል።

«አይ ቶታሊ አግሪ ዊዝ ዘ ኒው ፎርም፣ ባት አይ ዲስአግሪ ዊዝ ዲሊቲንግ ዘ ኦልድ ዋን ኢሚዲየትሊ።»

ጋሼ ጠመኔ

ሰዋስውሽ እንከን የለውም። ሚዛኑ ግን ይናወጣል፤ «ቶታሊ» ብለሽ ሰቅለሽው «ዲስአግሪ» ብለሽ ትጥይዋለሽ። ከፍታውን ቀንሺ፣ ውድቀቱንም አለዝቢ፦

«ዘ ኒው ፎርም ወርክስ ፎር ሚ። አይድ ኪፕ ዘ ኦልድ ዋን ፎር ኤ ዋይል፣ ዞ፣ ጀስት ኢን ኬስ።»

«አይድ ኪፕ» ማለት «እኔ ብሆን አቆየው ነበር» ነው። የሱን ሐሳብ ሳትነቅፊ ያንቺን ከጎኑ አስቀመጥሽ።

እንግዳ 27

ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይሄ ሁሉ ማለዘብ ሐሳቡን አያጠፋውም? እኔ ብሆን «ፎር ኤ ዋይል» የሚለውን አንብቤ አልፈዋለሁ። አሮጌው ቅጽ በማግስቱ ይሰረዛል፣ እሷም «ነግሬ ነበር» ማለት አትችልም።

ጋሼ ጠመኔ

ነጥብ አለህ፣ እቀበላለሁ። ጉዳዩ ውሳኔ የሚጠይቅ ከሆነ ቀን ጨምሪበት፤ «ፎር ኤ ዋይል»ን «አንቲል ጁን» አድርጊው። ቃናው እንደለሰለሰ ይቆያል፣ ቀኑ ግን አይለሰልስም።

ወፍራም ብዕር

ከዚህ ክር በሙሉ ለሥራ የሚሆነው ይሄኛው ነው። ሲጽፉ ቃናን ማለዘብ፣ ቀንና ቁጥርን አለማለዘብ።

ሰኞ አልወድም

እሺ፣ ሌላው ሰው «አይ ሰፖዝ ሶ» ሲለኝስ? ዝም ብዬ ልለፈው?

ጆሮ ጠቢ

አትለፊው። «ዩ ዶንት ሳውንድ ሹር» በይውና ዝም በይ። ወይም ፈገግ ብለሽ «አይ ሴንስ ኤ ባት» በይ፤ የተለመደ አነጋገር ነው፣ ማንም አይቀየምበትም። ያዘገየውን «ግን» አውጥቶ ይነግርሻል። «ሶ ዩ አግሪ?» ብለሽ ብቻ አታፋጥጪው፤ «ዬስ» ይልሽና «ግን»ን ይዞት ይሄዳል።

ወረቀት አገላባጭ

የአውስትራሊያ ባልደረቦች ካሏችሁ «ያ፣ ኖ» (yeah, no፤ «አዎ፣ አይ») ሲሉ አትደንግጡ። ኬት በሪጅና ማርጋሬት ፍሎሪ በ2002 ይህችኑ አጥንተዋታል። «ያ፣ ኖ፣ ሂዝ ኤ ጉድ ኪድ» ያለ ሰው ልጁን እያሞገሰ ነው። ብዙ ጊዜ «ያ» ሰምቼሃለሁ ለማለት ነው፤ «ኖ» ደግሞ ሊነሣ የሚችለውን ተቃውሞ ቀድሞ ትመታለች። አሁን ሌላውም ዓለም ይጠቀምባታል። ዋናው ሐሳብ ከሁለቱ በኋላ ስለሚመጣ እሱን ጠብቁ።

እንግዳ 27

በቻትስ? እዚያ ዝምታም ዜማም የለም። አለቃዬ «ሹር።» ብሎ ነጥብ አድርጎ ይጽፍልኛል፤ ነጥቧ ታስፈራኛለች።

ወረቀት አገላባጭ

ፍርሃትህ መሠረት አለው። የቢንግሃምተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2015 ይፋ ባደረጉት ጥናት ተማሪዎችን አጭር የስልክ መልእክት አስነበቧቸው። መልሷ እንደ «ሹር»፣ «ኦኬ»፣ «ያ» ያለች አጭር ቃል ነበረች፤ ነጥብ ያለባት መልስ ነጥብ ከሌላት ይልቅ ከልብ ያልሆነች መሰለቻቸው። ያው መልስ በእጅ ጽሑፍ ወረቀት ላይ ሲቀርብ ግን ነጥቧ ምንም ለውጥ አላመጣችም።

ግን አለቃህ ዕድሜው ገፋ ያለና ሁሉንም ዓረፍተ ነገር በነጥብ የሚዘጋ ሰው ከሆነ ምንም ማለት አይደለም። ሌሎች መልእክቶቹን ተመልከት፤ ለምሳ ቀጠሮም ነጥብ የሚያደርግ ከሆነ ተረጋጋ።

እንግዳ 27

ለሁሉም ያደርጋል። ተረጋጋሁ። የመጨረሻ ጥያቄ፦ «ኢፍ ዩ ሴይ ሶ»ስ ከየትኛው ወገን ነው? ይሄም ለስላሳ ስምምነት ይመስለኝ ነበር።

የቀለም ቀንድ

ኧረ ተው! እሱ ስምምነት አይደለም። «አላምንህም፣ ለመከራከር ግን አልቸገርም» ነው፤ «አንተ ካልክ ይሁን» ብለን ፊታችንን ዞር የምናደርግበት ዓይነት። ሲሉህ ሰምተህ እለፍ፤ አለቃህ ላይ ግን እንዳትሞክረው፣ በተለይ በነጥብ ዘግተህ።